እግርህን አምጣ

አብዱላሂ ቢሮዬ ሲመጣ ሁልጊዜ ሳልጋብዘው ነበር የሚቀመጠው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መጽሐፍ የሚጠርዝበት ሙጫ ጣቶቹ ላይ ደርቋል፤ ሥራውን ጥሎ እንደ መጣ ገባኝ።

“ጋሽ ታደሰ፣ አይ ራሕማ ወደ አኼራ ሄዱ” አለኝ። “ሱብሒ ሰግደው፣ እዚያው መስገጃቸው ላይ። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው።”

እኔ ለቅሶ ቤት እንባ የማይወጣኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ “አንተ እኮ ድንጋይ ነህ” ትለኛለች። የዚያን ቀን ግን ጸሐፊዬ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። ከዙህር በኋላ በኤረር በር ወጥተን ቀበርናቸው። የአፎቻ ሰዎቻቸው፣ ማለትም የሐረሪዎቹ የዕድር ማኅበርተኞች፣ ቦታ ለቀውልኝ ከፊት ቆምኩ። በማላውቀው ዱዓ መካከል የማውቀውን አባታችን ሆይ ደገምኩ። አይ ራሕማ ቢሰሙኝ “ጮክ በል፣ ምን ያንሾካሽክሃል?” ይሉኝ ነበር።

ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ሰው ይሞታል። ደሜን ያፈላው በአራተኛው ቀን ከአስተዳደር ክፍል የመጣው ቅጽ ነው። የሟች ሠራተኛ ማኅደር መዝጊያ ይላል። “ስም፦ ራሕማ። የሥራ መደብ፦ ጽዳት። የትምህርት ደረጃ፦ የለም። የወሰዱት ሥልጠና፦ የለም። የሰጡት ሥልጠና፦ የለም። የቅርብ ኃላፊ አስተያየት፦” የቅርብ ኃላፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ፈርሜ እንድመልስ ተጠይቄያለሁ።

ሦስት ጊዜ “የለም”። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የሚያነብ ሰው ይወቅልኝ። በንዴት የተጻፈ ሁሉ ደግሞ ውሸት አይደለም።

“አይ” ማለት በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ለትልቅ ሴት ከስሟ በፊት ይባላል። እሳቸውን ሳውቃቸው ጣሊያን ከወጣ አሥራ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የድሬሰርነት ሰርቲፊኬቴን በጄ የያዝኩ፣ ነጭ ጋዋኔን በቀን ሁለት ጊዜ የማስተኩስ፣ ስሄድ መሬቱ የማይበቃኝ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ሐረር የሰፈረ ወታደር ነው። ልጁ መርፌ ወጊ በመሆኑ የደረሰበትን ኩራት ለጦር ሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ሆስፒታሉ ግን ቀዶ ጥገና ክፍል ይመድበኛል ብዬ ስጠብቅ ኋላ ቤት መደበኝ።

ኋላ ቤት የሚባለው ከሆስፒታሉ ግቢ ጀርባ ያለ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ጣሊያን በቅሎ ያስርበት ነበር። ግድግዳው ላይ የበቅሎዎቹ የብረት ቀለበቶች አልተነቀሉም። እኔ በደረስኩበት ጊዜ በእነዚያ ቀለበቶች ላይ የሚታሰረው ሰው ነበር። አእምሮው የታመመ፣ አረቄ ያበላሸው፣ ጫት እንቅልፍ የነሳው፣ ቤተሰብ የተማረረበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ይቆጥራቸውና ይሄዳል። የሰንሰለቱን ቁልፍ መያዝ የነበረበት ዘበኛው ነው። ዘበኛው ግን በሽተኞቹን ስለሚፈራ ቁልፉን ለጠራጊዋ ሰጥቶ እሱ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

ጠራጊዋ አይ ራሕማ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልለው በጉፍታ የሸፈኑ፣ ሲናገሩ መጥረጊያቸውን እንደ ጦር ሽቅብ የሚያቆሙ ሴት። ገብቼ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ “ቁልፉን አምጪ” አልኳቸው። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት “አንቺ” ብዬ። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። “አንተ ማነህ?” አሉ።

“አዲሱ ድሬሰር ነኝ። ሠልጥኜ ነው የመጣሁት።”

“አልሃምዱሊላህ። በስንት ቀን ሠለጠንክ?”

“አንድ ዓመት ሙሉ።”

“ጥሩ ነው። አንድ ቀን ቀርቶሃል። እግርህን አምጣ።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። “ቁልፉን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ሰንሰለቱን ይይዛል። ካልፈለግህ በሩ ያውልህ፤ ወላሂ ቁልፉን አታገኝም።” ወደ ሐኪሙ ሄጄ እንዳልከስ ጠራጊ ቁልፍ ነሳችኝ ብሎ መናገር ነውር ሆነብኝ። በእልህ እግሬን ዘረጋሁ። ቀጭ! አድርገው ቆለፉብኝና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ እስካለው የዐስር ሰላት ድረስ እዚያው ዋልኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሐኪሙ ቢመጣ ምን እላለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ። ምግብ የሚያመላልሰው ሰውዬ ሲያልፍ “ወንድሜ፣ ውሃ” አልኩት፤ ነጩን ጋዋን አይ ራሕማ አስወልቀውኝ ስለነበር ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። ዘበኛውን ጠራሁት፤ “እሺ እሺ” ብሎኝ ሄደ። ሁለት ሰዎች አናቴ ላይ ቆመው “ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?” “ጫት ይሆናል” ተባባሉ። እኔ እንደምሰማ እያወቁ! ስጮህ ደግሞ “ተነሣበት” ብለው ፈጥነው ወጡ።

በዐስር አይ ራሕማ ፈትተውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። “ምን ተማርክ?” አሉኝ።

“ውሃ ጠማኝ” አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

“ለስንት ሰው ነገርክ?”

“ላለፈው ሁሉ።”

“ማን ሰጠህ?”

“ማንም።”

“በቃ፣ ሠልጥነሃል” አሉና ውሃ በጣሳ አቀበሉኝ። ቁልፉን ግን የሰጡኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

ይህን ከየት አመጡት? አንድ ቀን ምሳ እየበላን ራሳቸው ነገሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው አእምሮው ታሞ፣ በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ በቤታቸው ጓዳ ስድስት ዓመት ታስሮ ኖሮ እዚያው ሞተ። ምግብ የሚያቀርቡለት፣ ሰንሰለቱን የሚቆልፉት እሳቸው ነበሩ። “በመጨረሻው ቀን ‘ራሕማ፣ ይከብዳል’ አለኝ። እኔ በሽታው ነው ያልኩት። ስናጥበው እግሩን አየሁት። ብረቱን ነበር የሚለው። ስድስት ዓመት ስቆልፍ አንድ ቀን በእጄ አንስቼ ክብደቱን አልለካሁም።” አላለቀሱም። እንጀራውን ጠቀለሉና መብላታቸውን ቀጠሉ። እኔ መብላት አቃተኝ።

እንዲህ ተጀመረ እንግዲህ፤ “የለም” የተባለው ሥልጠና። ከእኔ በኋላ ሁለት ድሬሰሮች መጡ፤ እግራቸውን ሰጡ። ከመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ወጣት መምህር መጣ፤ ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ለጫት በርጫ እየቀሩበት ተቸግሮ ነው። እሱም እግሩን ሰጠ። በየቀኑ ከጥርጊያው በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስበን እንጠይቃቸው ነበር። ደብተር ይዘን፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት የሚሉትን እንጽፋለን። ሌሎቹ ሠራተኞች “የመጥረጊያ ኮሌጅ” ብለው ሰየሙን። ይሰይሙን!

አንድ አረቄ የጎዳው አሥር አለቃ ነበር፤ ከወጣ ይጠጣል፣ ከጠጣ ይመለሳል። አንድ ቀን ከጉያው ጠርሙስ አግኝቼ ቀማሁትና እንደ ጀግና ይዤላቸው ሄድኩ።

“ጠርሙሱን ቀማኸው። ሰዓቱንስ?” አሉኝ።

“የምን ሰዓት?”

“የሚጠጣበትን ሰዓት ነዋ። መጠጥም ጫትም ሰዓት አላቸው፤ ከሰላት አይተናነሱም። ሰዓቱ ሲደርስ ባዶ እጁን ካገኘው ሌላ ጠርሙስ ይፈልጋል። ጠርሙሱን ለሱ መልስለት አላልኩህም። ለሰዓቱ የሚሆን ነገር ስጠው ነው ያልኩህ።” ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን አሥር አለቃውን ጠርተው ውሃ አብረው ይቀዱ ነበር። ለመምህሩም ይህንኑ ነገሩት፤ በርጫ በሚጀመርበት ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ ጀመረ። ሁሉም ተፈወሰ አልልም፤ አሥር አለቃው ሁለት ጊዜ ወድቆ ነው የተነሣው። አይ ራሕማም ፈውስ የሚለውን ቃል አይወዱም። “ፈውስ የአላህ ነው፤ የኛ ሥራ ውሃ መስጠት ነው” ይላሉ።

አሁን ወደ አብዱላሂ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተፈተነው በእሱ ነውና።

አብዱላሂ የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ በድንገት ሲሞቱ አፉን ዘጋ። ቀን ከሌት ይቅማል፣ አይተኛም፣ አይናገርም። አንድ ቀን ሸዋ በር ገበያ ላይ በሰው መካከል ድንጋይ ሲወረውር ተይዞ፣ አጎቶቹ አስረው ኋላ ቤት አመጡት። በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለቱን የቆለፉበት አይ ራሕማ ናቸው፤ ሰው እንዳይጎዳ ሌላ ምርጫ አልነበረም። በወሩ ፈቱት። ከጎናቸው ሆኖ ግቢ ይጠርግ ነበር፤ ቃል ግን አይወጣውም። አምስት ወር ሙሉ።

በዚህ መሀል ከጤና ቢሮው ደብዳቤ መጣ። ኋላ ቤት የሠለጠነ ሰው ስለሌለው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ቤተሰብ የሚረከበው በሽተኛ ወደ ቤቱ፣ የሚረከበው የሌለ ወደ ወህኒ ቤት ይዛወራል። የአብዱላሂ አጎቶች “ከነሰንሰለቱ ካልሆነ አንረከብም” አሉ። እናቱ ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ትፈራዋለች። ስለዚህ ልጁ ወይ ጓዳ ይታሰራል፣ ወይ ወህኒ። አይ ራሕማ ደብዳቤውን ሳነብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። “ጓዳውን አውቀዋለሁ” አሉ። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው “ተነሥ፣ እንሂድ” አሉኝ።

የቢሮው ኃላፊ ትልቅ ጠረጴዛ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም። አይ ራሕማ ቆመው ተናገሩ።

“የሠለጠነ ሰው የለም የሚለው ውሸት ነው፣ ጌታዬ። አራት ሰው አሠልጥኛለሁ።”

“እርስዎ?” ኃላፊው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። “ማንበብ ይችላሉ?”

“አልችልም።”

“ታዲያ ሳያነቡ በምን ያሠለጥናሉ?”

“በሽተኛው ወረቀት አይደለም፣ ጌታዬ፤ ሰው ነው። ሰው አነብባለሁ።”

ኃላፊው ሳቃቸውን አቆሙ። ጥቂት አሰቡና፣ ሊገላገሉን ፈልገው ይመስለኛል፣ እንዲህ አሉ፦ “በወሩ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣሉ። ያ ድንጋይ ወርዋሪው ልጅ ያለ ሰንሰለት ቤቱ ተቀምጦ ካገኙት እሳቸው ይወስኑ። ካልሆነ ሁሉም ይዛወራል።”

ከሁሉ የከበደውን መረጡልን። ስንወጣ “አይ ራሕማ፣ አለቀልን” ብል “ምኑ ነው ያለቀው? ገና እግራችንን አልሰጠንም” አሉኝ።

በማግስቱ አብዱላሂን በመካከላችን አድርገን በፈላና በር ወደ ጁገል ገባን። ያወቁት ሰዎች ግድግዳ ይዘው ቆሙ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባች። አይ ራሕማ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ “አሰላሙ አለይኩም” ይላሉ፤ ሰላምታ ደግሞ ሳይመለስ አይቀርም፣ እየፈሩም መለሱ። እናቱ በሩን ከፍታ አየችውና አፏን በሻሿ ያዘች።

ጫማ አውልቀን ገባን። እኔ ሐረር አድጌ የሐረሪ ቤት ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የጦር ሰፈር ልጅ ጁገልን የሚያውቀው ከመንገዱ ነው። ከመሬቱ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ሁሉም መደብ ባለቤትና ማዕረግ እንዳለው አላወቅሁም። አይ ራሕማ በሩ ላይ እናትየዋን አቅፈው ሲያባብሉ፣ እኔ እንግዳ ሲቆም ነውር ነው ብዬ፣ በሩን አሻግሮ የሚያሳይ አንድ ከፍ ያለ መደብ መርጬ ዘፍ አልኩ። ሰርቲፊኬት ላለው ሰው የሚገባ ቦታ መስሎኝ።

እናትየዋ ማልቀሷን አቆመች። አይ ራሕማ ዞረው ሲያዩኝ ዓይናቸው ፈጠጠ። የተቀመጥኩት በቤቱ አባወራ ቦታ ነበር። የአብዱላሂ አባት ከሞቱ ጀምሮ ማንም፣ አጎቶቹ እንኳ፣ አልተቀመጠበትም።

አብዱላሂ ቀስ ብሎ መጣና ፊቴ ቆመ። የሚመታኝ መሰለኝ። አፉን ከፈተና በቋንቋቸው አንድ ነገር አለኝ፤ ድምፁ የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማውን ይመስል ነበር። አልገባኝም።

“‘ተነሥ፣ የአባቴ ቦታ ነው’ ነው የሚልህ” አሉኝ አይ ራሕማ። “ተነሣ እንጂ፣ አንተ ግንድ!”

በድንጋጤ ስዘል ደረጃውን ስቼ ከታችኛው መደብ ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ። እናትየዋ እልል አለች፤ ለእኔ መውደቅ አይደለም፣ ለልጇ ድምፅ። አብዱላሂ የአባቱ ቦታ ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ፤ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም ነበር። አይ ራሕማ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጡ። በመጨረሻ እናትየዋን “የአባቱ የመጠረዣ መርፌና ቆዳ የት ነው ያለው?” አሏት። በርጫ በሚጀመርበት ሰዓት ላይ አብዱላሂን የመጀመሪያውን ቆዳ በእጁ እንደ ያዘ ትቼው ወጣሁ። እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ በየቀኑም በዚያ ሰዓት ሄዱ። ልጁ ቤቱ ከረመ።

ለተቆጣጣሪው ሪፖርት መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር። ከሁለት ቀን ልፋት በኋላ አሳምሬ ጻፍኩት። “በሽተኛው ስለ አባቱ እንዲናገር ለማነሣሣት፣ በጥናት ላይ ተመሥርተን፣ ሆን ብለን በሟቹ ቦታ ተቀመጥን” የሚል አለበት። ለአይ ራሕማ በኩራት አነበብኩላቸው።

“ደምስሰው” አሉኝ።

“ለምን?”

“ውሸት ነው። ቦታውን አላወቅህም፤ እኔም ልነግርህ ረሳሁ። ሁለታችንም አጥፍተናል።”

“አጥፍተን ነው የዳነው ብንል እኮ ይስቁብናል! ልጁን ወህኒ ሊሰዱት ነው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉኝ ይሆናል፤ ለሚያድር ነገር ጊዜ የለንም፣ ተቆጣጣሪው ሐሙስ ነው የሚመጡት።”

መጥረጊያቸውን አቆሙ። “ስማኝ፣ ታደሰ። ይህ ወረቀት ትምህርት ይሆናል። ካንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያነበዋል። በሄደበት ቤት ሁሉ እየገባ በሰው አባት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በሽተኛ ይገድለዋል፤ ወይ አንዱ በሽተኛ ይሞታል። ያንን ማን ይጠየቅበታል? ደምስሰው።”

“አብዱላሂስ?”

“አብዱላሂን በውሸት ካስቀመጥነው በውሸት ይወስዱታል።”

ደመሰስኩት። በምትኩ “ቦታውን ባለማወቅ ተቀመጥኩ፤ ስሕተት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው” ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ዓረፍተ ነገር የለም።

ተቆጣጣሪው ሐሙስ መጡ፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ከቢሮው ኃላፊ ጋር ጁገል ወረድን። አብዱላሂ ጎንበስ ብሎ ጥራዝ ይሰፋል። እንዳየን ብድግ አለ። ተቆጣጣሪው በአስተርጓሚም ሳይሆን በቀስታ በአማርኛ ጠየቁት።

“ልጄ፣ ማን ነው ያሰረህ?”

አብዱላሂ መርፌውን እንደ ያዘ በጣቱ አይ ራሕማን አሳየ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

“ማን ፈታህ?”

ጣቱን አላነሣም። አሁንም እሳቸውን።

“እውነቱን ነው፤ ሁለቱንም እኔ ነኝ” አሉ አይ ራሕማ። “የመጀመሪያውን ሲያስቡት ሁለተኛውን አይርሱብኝ።”

ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ኃላፊው ዞረው “ቤቱ አይዘጋም” ብቻ አሉ። አብዱላሂ ወህኒም ጓዳም አልገባም። ኋላ ላይ ለሠርጉ ድንኳን የተከሉት እነዚያው አጎቶቹ ናቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ አልናደድም። በዓመቱ ከአዲስ አበባ ሌላ ደብዳቤ መጣ፦ በአእምሮ ሕሙማን አያያዝ የስድስት ወር ሥልጠና፣ ለሐረር አንድ ቦታ። አይ ራሕማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮው ሄዱና “መዝግቡኝ” አሉ። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ ይላል ብለው መለሷቸው። ቦታው ለእኔ ሆነ። እኔ “ካልሄዱ አልሄድም” ብዬ ፎከርኩ።

“ጅል አትሁን” አሉኝ። “ሂድ። ግን አንድ ቃል ግባልኝ። ያስተማሩህን ሁሉ ተመልሰህ ለኔ ታስተምራለህ። ቁልፉን ደብቀው የያዙት እነሱ ከሆኑ፣ አንተ እጅህን ሰደህ አምጣልኝ።”

ሄድኩ፤ ተማርኩ። ብዙ የማላውቀውን አወቅሁ፣ ይህንንም አልክድም። ስመለስ ኋላ ቤት የማሠልጠኛ ክፍል ተሰጠው፤ አሠልጣኙ እኔ ተባልኩ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሠልጣኞች ተቀመጡ። አይ ራሕማ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ፤ ሲጠርጉ ሳይሆን ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ ሰሌዳው ላይ የመድኃኒት ስም ስጽፍ እጃቸውን አወጡ።

“አቤት፣ አይ ራሕማ?”

ተነሥተው ሰንሰለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። “ይኼስ? አዲስ አበባ የለም እንዴ?”

እውነትም እዚያ አልነበረም፤ እኔም ትቼው ነበር። ክትትል ሊያደርጉ የመጡት ኃላፊ ከበሩ ላይ “ይህ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም” አሉ። ሠልጣኞቹ እኔን ያዩኛል። እኔ አይ ራሕማን አየሁ። ያችን የውሃ ጣሳ አስታወስኩ።

ጋዋኔን አወለቅሁና እግሬን ዘረጋሁ። “መጀመሪያ የእኔን ይቆልፉ” አልኳቸው። አይ ራሕማ ቆለፉ። ኃላፊው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ያለፈ ሰው ሁሉ፣ እግሩን ሳይሰጥ ሰርቲፊኬት አልወሰደም። ሰርቲፊኬቱ ላይ የተፈረመው የእኔ ስም ነው፤ የሳቸው የለም። ይህን ነው ይቅር የማልለው፤ ራሴንም ጨምሬ። በየዓመቱ “ዘንድሮ ስማቸው ይገባል” ብዬ አመለክት ነበር፤ በየዓመቱ “ጽዳት ናቸው” የሚል መልስ ይመጣል፤ እኔም ዝም እል ነበር። ዝም ማለቴ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

እናም ቅጹን አልፈረምኩትም። ሦስቱን “የለም” አንድ በአንድ በቀይ ሰረዝኩ። “የሥራ መደብ” ከሚለው ትይዩ “አስተማሪ” ብዬ ጻፍኩ። ድሬዳዋ፣ ጅጅጋ፣ ጭሮ ለተበተኑት ላስተማሯቸው ሁሉ መልእክት ላክሁ። ከግድግዳዬ ላይ ሰርቲፊኬቴን ከመስተዋቱ አወጣሁ። በሳምንት ውስጥ የሌሎቹም መጣ፤ አንዳንዱ በፖስታ፣ አንዳንዱ በሰው እጅ። መምህሩ አሁን ዳይሬክተር ሆኗል፤ የመምህርነት ሰርቲፊኬቱን ይዞ ራሱ መጣ። ሁላችንም አንድ ገጽ ላይ ፈረምን፦ “እሳቸው አስተማሪ ካልነበሩ እኛም አልተማርንም፤ እነዚህም ወረቀቶች ይሰረዙ።”

ሁሉንም ከአይ ራሕማ ማኅደር ጋር ለአብዱላሂ ሰጠሁት። ሦስት ቀን ወሰደበት። በቀይ ቆዳ ጠርዞ አመጣው፤ የአባቱ መርፌ ባለፈበት ስፌት፣ የሳቸው ቅጽ ከመሀል፣ የእኛ ሰርቲፊኬቶች ከፊትና ከኋላ።

የአስተዳደር ክፍሉ ጸሐፊ ቅጹን ሊወስድ መጣ። ገለባበጠና ደነገጠ። “ጋሼ፣ ይኼ እኮ ተሰፍቷል! የሳቸውን ቅጽ ለብቻው ማውጣት ብንፈልግስ?”

“አይወጣም” አለ አብዱላሂ ከተቀመጠበት። “አንዱን ካወጣህ ሁሉም ይቀደዳል።”

“ኃላፊው ከጠየቁኝ ምን ልበል?”

ሰንሰለቱ አሁን ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነው የተሰቀለው። አወረድኩና ጥራዙ ላይ አስቀመጥኩት።

“እግራቸውን ይዘው ይምጡ በላቸው” አልኩት።